የፍቺና የልጅ ማሳደግ ክርክር በጠበቃ እጅ እንዴት ይያዛል

ፍቺው ራሱ ከባዱ ነገር አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጥፋተኛ ፈልጎ ፍቺ የሚሰጥ ሕግ አይደለምና፣ አንደኛው ወገን በቃኝ ካለና እርቁ ካልሰመረ ጋብቻው መፍረሱ አይቀርም። ባለጉዳይ የሚጎዳው ዙሪያውን ባለው ነገር ነው፦ እግድ ሳይጠየቅ ቤቱ ይሸጣል፣ ልጁ ለጊዜው ከማን ጋር ይቆይ የሚል ትእዛዝ ሳይወጣ ወራት ያልፋሉ፣ ቀለብ ሳይጠየቅ ይከማቻል።

ከታች ያለው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራበት ሕግ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ለምሳሌ አማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ይሠራል። ይዘታቸው ተቀራራቢ ቢሆንም የአንቀጽ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ችሎት ላይ ያሳፍራል።

1. መጀመሪያ ወረቀቱ

ባለጉዳዩ የሆዱን ተናግሮ ይጨርስ። ከዚያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው፦ የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት፣ የሁለቱም የገቢ ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል፣ የመኪና ሊብሬ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከነቅርንጫፉ። ዋናው በሌላኛው ወገን እጅ ከሆነ በስልክ የተነሳ ፎቶም ይረዳል፤ ቁጥሩ ከታወቀ ማስረጃው ካለበት መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት የለም ማለት ጋብቻ የለም ማለት አይደለም። በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ እኩል ይጸናል፤ በምስክርና በሌላ ማስረጃ ይረጋገጣል። ጭራሽ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ከሆነ ግን የፍቺ አቤቱታ አያስፈልግም። ግንኙነቱ ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ ከሆነ የጋራ ሀብት ጥያቄ ይነሳል፣ የልጆቹ መብት ደግሞ እንደማንኛውም ልጅ ነው።

ባለጉዳዩ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ተረጋግጦ መምጣት አለበት። «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ» አይበቃም፤ ስለ ፍቺ ለመክሰስ፣ ለመታረቅና ለመስማማት ተብሎ በግልጽ ይጻፍበት። አንዱ ወገን የውጭ ዜግነት ከያዘ መዝገቡ የሚከፈትበት ፍርድ ቤት ሊለይ ስለሚችል ሥልጣኑ አስቀድሞ ይጣራ።

2. ስምምነት ወይስ አቤቱታ

ሕጉ ሁለት በር አለው፦ በስምምነት መፋታት፣ ወይም በአንዱ (ወይም በሁለቱም) አቤቱታ። በስምምነት ለመፋታት ጋብቻው ከተፈጸመ ቢያንስ 6 ወር ያለፈው መሆን አለበት። ዳኛው ባልና ሚስቱን ለየብቻ ወይም አንድ ላይ ያነጋግራል፣ ካስፈለገም ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል።

ስምምነቱ የሚበላሸው «ልጆቻችንን በመግባባት እናሳድጋለን» በሚል አንድ መስመር ነው። ይህ አረፍተ ነገር ቢጸድቅ እንኳ ውሳኔን ለሚያስፈጽመው ችሎት የሚሆን ምንም ነገር የለውም። ልጁ የት ይኖራል፣ ስንት ብር፣ በወሩ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ሂሳብ የሚለው ካልተጻፈ በዓመቱ ተመልሶ መምጣት ነው።

ድብደባ ባለበት ቤት ስምምነት ማደራደር መጀመር ስህተት ነው። መጀመሪያ የሐኪም ማስረጃ፣ የፖሊስ ማመልከቻ፣ ደህና ማደሪያ። መክፈል ለማትችል ሴት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲዎች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ።

3. አቤቱታውና በዚያው ቀን የሚጠየቀው

ፍርድ ቤት በር ላይ የሚሸጠው የተገለበጠ አቤቱታ አሥር ገጽ ስድብ ይኖረዋል። ሦስት ገጽ በቂ ነው፦ መቼና የት እንደተጋቡ፣ ልጆች ከነዕድሜያቸው፣ የሚጠየቀው ዳኝነት በተራ ቁጥር፣ የማስረጃ ዝርዝር። በደል የሚተረከው ካሳ ለመጠየቅ ወይም የልጁን ደህንነት ለማስረዳት ከሆነ ብቻ ነው። የተረፈው ሌላኛውን ወገን ከማናደድ አልፎ ነገ ልጁ አድጎ የሚያነበው ወረቀት ይሆናል።

ብዙ መዝገብ የሚወድቀው ግን እዚህ ነው፤ ጊዜያዊ ትእዛዝ ከአቤቱታው ጋር አብሮ ሳይጠየቅ ይቀራል። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደደረሰው ስለ ባልና ሚስቱ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አኗኗርና ቀለብ፣ ስለ ንብረት አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ካልተጠየቀ በሽምግልናውና በማሰላሰያው ወራት ልጁ ባለበት ይቆያል፤ በኋላ ደግሞ «ልጁ እኮ እዚህ ለምዷል» የሚል መከራከሪያ ይወለዳል።

እግድም እንዲሁ። «የጋራ ንብረታችን ይታገድልኝ» የሚል ጥያቄ ለማንም መሥሪያ ቤት አይላክም። ቤት ከሆነ የካርታ ቁጥር፣ ወረዳና የቤት ቁጥር፤ መኪና ከሆነ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፤ ገንዘብ ከሆነ ባንኩና ቅርንጫፉ። ትእዛዙ ሲወጣ ደብዳቤውን ራስ አድርሶ የደረሰኝ ማህተም ማስመታት ነው፤ መዝገብ ቤት ቆይቶ የደረሰ እግድ ቤቱን ተሽጦ ያገኘዋል።

የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም (አንቀጽ 68)። ከተሸጠም ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ አለበት። ባለጉዳዮች በሽምግልና ተስፋ የሚያሳልፉት ጊዜ ይህ ነው።

ተጠሪው አድራሻው ካልታወቀ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፤ ያ ወራት ስለሚበላ ዘመድና መሥሪያ ቤት ጠይቆ አድራሻ መፈለግ ይሻላል።

4. ሽምግልናው

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬም «በሽማግሌ ተፋተናል» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ያለው ለዚህ ነው። አሁን ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ሥራ ማስታረቅ ነው። ዕርቁ ካልተሳካ ሪፖርታቸው ከቀረበበት ወይም የማሰላሰያው ጊዜ ካለቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺው ይወሰናል። ለሽምግልና የሚመረጠው የሚከበር ሳይሆን ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ይሁን።

5. ልጁ ከማን ጋር ይደግ

«እስከ 5 ዓመት ልጅ የእናት ነው» የሚለው አባባል ከዚያው ከ1952ቱ ሕግ የቀረ ነው፤ አሁን ባለው ሕግ እንደዚያ ያለ ቁርጥ ያለ ደንብ የለም። አንቀጽ 113 ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁን ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የልጅ ጥቅም ይቅደም ይላል። ስለዚህ ጨቅላ ለእናቱ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ስለሚጠባና እሷ ስለያዘችው ነው። ይህንን ያልተረዳ ጠበቃ እናትን ወክሎ ሲቀርብ ማስረጃ አያዘጋጅም፤ አባትን ወክሎ ሲቀርብ ደግሞ ሳይከራከር ይተወዋል።

ክርክሩ «ማን የተሻለ ሰው ነው» ከሆነ ምስክር ለምስክር ይቆራረጣል። ጥያቄው ጠዋት ማን ያለብሰዋል፣ ማን ትምህርት ቤት ያደርሰዋል፣ ሲያተኩሰው ሌሊት ማን ይዞት ሮጠ ነው። ማስረጃውም ይህን ይከተላል፦ የክትባት ካርድና የሕክምና ደረሰኝ፣ የክፍያ ስሊፕ፣ ወላጅ የፈረመበት የውጤት ካርድና የመገናኛ ደብተር፣ ልጁን ማን እንደሚያመላልስ የሚገልጽ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የሥራ ሰዓትን የሚያሳይ የአሠሪ ደብዳቤ። የእህት ምስክርነት ከአንድ የክፍል መምህርት ምስክርነት ያነሰ ክብደት አለው። ገቢ ብቻውን ልጅ አያስገኝም፤ ደመወዙ ትልቅ የሆነው ወገን ቀለብ መክፈል ይችላልና።

ፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤት ድረስ ልኮ ሪፖርት ሊያሠራ ይችላል። ባለጉዳዩ ቤቱን አስመስሎ ከማዘጋጀት ይልቅ ልጁ የሚተኛበትን፣ የሚያጠናበትን፣ ሥራ ሲሄድ ማን እንደሚይዘው በግልጽ ያሳይ። ሞግዚት ወይም አያት ካለች በዕለቱ ትገኝ።

ዳኛው ልጁን በጽሕፈት ቤት ለብቻው ሊያነጋግረው ይችላል። ልጅን አስጠንቶ መላክ እንደሚከሽፍ ይታወቅ፦ የስድስት ዓመት ሕፃን «አባዬ ኃላፊነት አይሰማውም» ሲል ዳኛው ቃሉ የማን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ያስጠናው ወገን በዚያች ቅጽበት ይጎዳል። ልጁን ደብቆ ክፍለ ሀገር ዘመድ ጋ መላክም እንዲሁ።

ልጁን ያላገኘው ወገን የመጎብኘት መብት አለው። «በሳምንቱ መጨረሻ ይጎብኝ» የሚል ውሳኔ በየሳምንቱ ፖሊስ ያስጠራል። ጠበቃው የሚጠይቀው ዳኝነት እንዲህ ይጻፍ፦

«በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት፤ መረካከቢያው የልጁ አያት ቤት፤ የገና ዕለት ከአባቱ፣ የፋሲካ ዕለት ከእናቱ ጋር፣ በቀጣዩ ዓመት ተለዋውጦ፤ የክረምት ዕረፍት እኩል ተከፍሎ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት በስልክ።»

ውጭ አገር ላለ ወላጅ የቪዲዮ ጥሪው በኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑ ይጻፍ፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ብዙ ጠብ አስነስቷል። ልጁ ከአገር እንዳይወጣ የሚያሰጋ ነገር ካለ የፓስፖርትና የጉዞ ትእዛዝ ከጅምሩ ይጠየቅ። ኢትዮጵያ የሕፃናት ጠለፋን የሚመለከተው የሄግ ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ ልጁ ከወጣ በኋላ ማስመለሱ ረጅም መንገድ ነው።

ቀለብ አልከፈለም ብሎ ልጅ መከልከል፣ ልጅ ከለከሉኝ ብሎ ቀለብ ማቆም፤ ሁለቱም አይቻልም። የተለያዩ መብቶች ናቸው፣ ሁለቱም የልጁ።

6. ቀለብ

መጠኑ የሚወሰነው በጠያቂው ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። ዝርዝሩ በወር ይሠራ፦ ምግብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ለ12 ተካፍሎ፣ ሰርቪስ፣ የቤት ኪራይ የልጁ ድርሻ፣ ሕክምና፣ ልብስ። በደረሰኝ ያልተደገፈ ቁጥር ይቆረጣል። ከፋዩ ተቀጣሪ ከሆነ ከደመወዙ ተቀንሶ እንዲላክ፣ ነጋዴ ከሆነ የግብር ማስታወቂያው እንዲቀርብ ይጠየቅ። ግብር ላይ ያሳወቀው ገቢ ሁልጊዜ ትንሽ ነውና የቤት ኪራዩና የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ስንት እንደሆነ ጎን ለጎን ይቅረብ።

ያልተከፈለ ቀለብ በጊዜው ይጠየቅ። ከመክፈያው ቀን ጀምሮ በ3 ወር ያልተጠየቀ ውዝፍ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ ይቀራል። «ይከማች፣ አንድ ላይ እወስዳለሁ» የምትል እናት የምትከስረው እንዲህ ነው።

7. ንብረት

በሕጉ ግምት በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው፤ የግሌ ነው የሚል ያስረዳ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በስጦታ ወይም በውርስ የተገኘ የግል ነው። ከእሱ የሚገኘው ኪራይ ግን የጋራ። ከጋብቻ በፊት በዕጣ ደርሶ ክፍያው በጋብቻ ውስጥ የቀጠለ ኮንዶሚኒየም ለክርክር ክፍት ነው፤ የባንክ ክፍያ ስሊፑ በቀን ተለይቶ ይዘጋጅ። የጋራው ለሁለት እኩል ይካፈላል፤ ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ አንዱ ለሌላው የዋጋውን ግማሽ ይከፍላል፣ ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅ ዋጋ ይሰብራልና ከዚያ በፊት መስማማት ይሻላል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ በደሃ ደንብ (ሳይከፍሉ መክሰስን በሚፈቅደው ሥርዓት) ያመልክት።

8. ከውሳኔ በኋላ

ቀን የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ጀምሮ ነው፤ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ፍቺው በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ይመዝገብ፤ ይህን ረስተው ሁለተኛ ጋብቻ ሊፈጽሙ ሲሄዱ ወረዳ ላይ የሚመለሱ አሉ። የልጅ ውሳኔ የመጨረሻ አይደለም። ሁኔታው ከተለወጠ፣ ማለትም አሳዳጊው ወገን ወደ ውጭ ከሄደ፣ ከታመመ ወይም ልጁ ከተጎዳ፣ በዚያው መዝገብ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ለዚያ የሚያስፈልገው ከውሳኔው ወዲህ የተፈጠረ አዲስ ማስረጃ ነው፤ የድሮውን ክርክር በአዲስ ወረቀት መጻፍ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይዘጋል።