የተጎዳች ጥንቸል ወደ መብላቷ እንድትመለስ

ሱሉልታ አካባቢ ውሻ ያቆሰላት ጥንቸል ከቁስሉ ባልተናነሰ መብላት በማቆሟ ልትሞት ትችላለች፤ ለ12 ሰዓት ያህል ካልበላች አንጀቷ ይዳከማልና ጊዜ አትስጡ። እያመማት ስለማትበላ፣ በቅድሚያ የእንስሳት ሐኪም ማስታገሻ ይስጣት። የአካባቢው ሌሊት ብርዳማ በመሆኑ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አጠገቧ አኑሩ፤ ጆሮዋን ዳስሳችሁ ከቀዘቀዘ ገና ሙቀት ያስፈልጋታል።

ከዚያ ለስላሳ ድርቆሽና እርጥብ የድንብላል ቅጠል አፍንጫዋ ሥር አቅርቡላት። እምቢ ካለች፣ ሐኪሙ አንጀቷ አለመዘጋቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ በውሃ የላመ የጥንቸል መኖ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከፊት ጥርሶቿ ኋላ በጎን በኩል ጠብ እያደረጋችሁና እስክትውጥ እየታገሣችሁ ስጧት፤ በጀርባዋ ግን ፈጽሞ አታስተኟት።

ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን በአፏ አትስጧት፤ ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎቿን አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል። በጠጧ እንደ ሽንብራ ድቡልቡል ሆኖ መውረድ ሲጀምር አንጀቷ ሥራውን ጀምሯል።