ባቡሩ እዚህ ይፈጥናል፣ እዚያ ይሞታል፦ የሞዴል ባቡር ኤሌክትሪክ ችግርና መፍትሄ

የሞዴል ባቡር ይዞ ለጥገና የሚመጣ ሰው ከሁለት አንዱን ይላል። ወይ "ሞተሩ ሞቷል"፣ ወይ "ትራንስፎርመሩ ደክሟል"። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ደህና ናቸው። ጥፋቱ ያለው ሐዲድን ከሐዲድ በምታገናኘው ትንሽዬ ቆርቆሮ ላይ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ያየሁት ይኸው ነው። ስለዚህ እሷን በሰፊው አወራለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

የማወራው ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ ስለሚወስደው ባቡር ነው፤ ሆዱ ውስጥ ባትሪ ስለሚገባበት መጫወቻ አይደለም። ከውጭ ዘመድ የሚልከው በብዛት ኤች ኦ የሚባለው ነው። ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፤ የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት 16.5 ሚሊሜትር ነው። በኮምቦልቻ የሚያልፈው ሐዲድ 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ለ87 ስታካፍሉት ልክ ይመጣል። በኤሌክትሪኩ ግን አይመሳሰሉም። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ 25 ሺህ ቮልት እንዲወስድ ሆኖ ነው የተሠራው። ሞዴሉ ከላይ ምንም የለውም። ሁለቱ ሐዲዶች ራሳቸው ሽቦ ናቸው፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጋቲቭ፣ እስከ 12 ቮልት ገደማ ዲሲ። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለባበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል።

መብራት አለ ወይ፣ ተሰክቷል ወይ፣ ጎማው ሐዲዱ ላይ ተቀምጧል ወይ የሚለውን እንደጨረሳችሁ ልቁጠረው።

ምልክት፦ ገና ሲሰካ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም

ምክንያቱ 110 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ካርቶን ከሆነ ትራንስፎርመሩ ጀርባ ላይ "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" የሚል ጽሑፍ አለ። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። አንዲት እናት የሶኬት መቀየሪያዋን እያሳየችኝ "እንዴ ጋሼ፣ በዚህ እኮ ነው የሰካሁት!" አለችኝ። ያ መቀየሪያ የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልት አይነካም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ሻጩም አይነግረውም።

ካልተቃጠለ አትሰኩት። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ ግን ለ60 ኸርዝ የተሠራ በ50 ኸርዝ ሲሠራ የበለጠ ይሞቃል፣ ስለዚህ ሰዓታት ሙሉ አታንዱት። የተሻለው መንገድ 12 ቮልት ዲሲ፣ 2 አምፒር የሆነ ደህና አዳፕተር መግዛትና የዲሲ ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ መሃል ላይ ማስገባት ነው። አቅጣጫ መቀየሪያ ያለውን ምረጡ። ከተቃጠለ ደግሞ አብሽሩ፤ ባቡሩ ብዙውን ጊዜ አልተነካም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለኤልኢዲ መብራት የሚሸጠውን፣ የ220 ብሎኖቹ ክፍት የሆኑትን ፓወር ሰፕላይ ልጅ ባለበት ቤት አታስቀምጡ። ሽፋን የለውም። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ የሚገዛ አለ፤ እኔ አልገጥምም።

ምልክት፦ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይደክማል

ዋናው ይህ ነው። ባቡሩ ኤሌክትሪክ ከሚገባበት ቦታ ሲነሳ ይወረወራል። ከጠረጴዛው ማዶ ሲደርስ የሐረጎን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ እንደሚወጣ አሮጌ ኤንትሬ ያቃስታል። ተመልሶ ሲቀርብ እንደገና ይሮጣል። መብራት ካለው መብራቱም አብሮ ይደበዝዛል።

ሰው ወዲያው የሚያደርገው ትልቅ ትራንስፎርመር መግዛት ነው። አንድ አባት ይህን አድርጎ መጣ። ማዶ ያለው ድካም ያው ነው፤ ወዲህ ያለው ግን በጣም ፈጠነ። ባቡሩ ኩርባው ላይ ወጥቶ ከጠረጴዛ ወደቀ፣ ፉርጎ የሚያያይዝበት የፊት መንጠቆው ተሰበረ። በገንዘቡ ሌላ ችግር ገዛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪኩ ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያልፈው በዚያች ቀጭን ማያያዣ ነው። ሐዲዱ በተነቀለና በተገጠመ ቁጥር ማያያዣዋ ትከፈታለች፣ ትላላለች። ከዚያ እርጥበት ይገባል። የደሴ ክረምት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ማያያዣዋ ትጠቁራለች፣ የናስ ከሆነች አረንጓዴ ታወጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ አቧራው ነው። አንዷ መጋጠሚያ 2 ኦም ብትይዝና ባቡሩ ግማሽ አምፒር ቢወስድ፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ 1 ቮልት ይጠፋል። አምስት እንዲህ ያሉ ከተደራረቡ ከ12ቱ ማዶ የሚደርሰው 7 ገደማ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ልኬት ላይ ደረስን። ባቡሩን ያነሳሉ፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ማዶ ላይ ያስቀምጣሉ፣ 12 ቮልት ያነባሉ። "ሐዲዱ ምንም የለበትም" ይላሉ። ባቡሩ ከሌለ እኮ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የለም! የሚሄድ ከሌለ የሚጠፋ ቮልትም የለም። የዛገ መጋጠሚያ ሁሉ ባዶውን ሲለካ ጤነኛ ይመስላል። ጭነት ሳይኖር መለካት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ጭነቱን በርካሽ እናገኛለን። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ 12 ቮልት 5 ዋት አምፖል ግዙ። የሚወስደው 0.4 አምፒር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ባቡር ምትክ ይሆናል። ሁለት ሽቦ በይዱበት። የፍጥነት ማዞሪያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱና አምፖሉን ከመግቢያው ጀምራችሁ ሐዲድ በሐዲድ እያስነካችሁ ሂዱ። የት ላይ እንደሚደበዝዝ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ልጆችም ይወዱታል።

ከዚያ አምፖሉ ማዶ ላይ እንደበራ፣ ቴስተሩን በአንድ መጋጠሚያ ግራና ቀኝ፣ እዚያው አንድ ሐዲድ ላይ አስነኩ። በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መሃል አይደለም፤ አንዱ ሐዲድ ላይ ብቻ። ደህና መጋጠሚያ ዜሮ አካባቢ ያሳያል። ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ ሌባውን ያዛችሁት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ሐዲዱ ክብ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በሁለት በኩል ይደርሳል፤ በአንዱ በኩል የበሰበሰ መጋጠሚያ በሌላው በኩል ይሸፈናል። ስለዚህ ክቡን አንድ ቦታ ላይ ፈትታችሁ ለኩ።

ጥገናው በሁለት ደረጃ ነው። ለዛሬ፣ ማያያዣዋን አውጡ፣ አጽዱ፣ በፒንሳ ጎንና ጎኗን ጠበቅ አድርጉና መልሱ። ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ለዘለቄታው ግን ማያያዣዋን ማመን አቁሙ። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ወፍራም ሽቦ ዘርጉ፣ ቀይና ጥቁር። ለቤት መስመር የሚሸጠው ባለ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ በቂ ነው። ከእሱ በየ2 ሜትሩ፣ ከተቻለ በየሐዲዱ፣ ቀጭን ሽቦ ወደ ላይ አውጥታችሁ ሐዲዱ ጎን ላይ በይዱ። ያኔ ማያያዣዋ ሐዲዱን ቀጥ አድርጋ ከመያዝ ሌላ ሥራ የላትም።

ስለ ሽቦው ንቁ። መዳብ የሚመስል፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ገበያውን ሞልቶታል። ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ነጭ ከወጣ መልሱለት። ሁለቴ ስታጥፉት ይሰበራል። "ኦርጅናል ነው" ቢላችሁም ፋቁት። የስልክ ሽቦም ለዋናው መስመር አይሆንም፤ በጣም ቀጭን ነው። አንዱ ጠረጴዛውን በሙሉ በስልክ ሽቦ አጥለቅልቆት መጥቶ "ይኸው ገጠምኩ፣ ምንም ለውጥ የለም" ብሎ ሲከራከረኝ ነበር።

ብየዳው ላይ፦ ሁልጊዜ በሐዲዱ የውጭ ጎን። በውስጥ በኩል የጎማው ከንፈር ያልፋል፤ የሊድ ጉብታ ካገኘ ይዘላል። መበየጃው በደንብ ይሙቅ፣ ቶሎ ነክታችሁ አንሱ። ከቆያችሁ ከሐዲዱ ሥር ያሉት የፕላስቲክ እንጨቶች ይቀልጣሉ። በግራና በቀኝ የረጠበ ጥጥ ማስቀመጥ ይረዳል። የራዲያተር በያጆች አሲድ ግን በፍጹም፣ በፍጹም አትጠቀሙ። ሊዱ ቆንጆ ይይዛል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ በእጃችሁ ይቀራል። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ፍላክስ ያለበት ሊድ አለ፣ እሱን ግዙ። መጋጠሚያዎችን ሁሉ በአንድነት በይዳችሁ አትዝጉ፤ ብረቱ በሙቀት ስለሚረዝም ጥቂቶቹን ክፍት ተዉ።

ቀይና ጥቁሩን አታቀያይሩ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከተቀያየረ ሙሉው ሐዲድ ሾርት ነው። አንዱን ሽቦ ከበየዳችሁ በኋላ እየሞከራችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ፤ ሁሉንም በይዳችሁ መጨረሻ ላይ ከሞከራችሁ ጥፋቱን ለመፈለግ ሁሉንም ትፈታላችሁ።

ምልክት፦ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ በጣት ሲነካ ይሄዳል

ቆሻሻ። ሐዲዱንም ጎማውንም በአልኮል በረጠበ ጨርቅ አጽዱ፤ የጠቆረ ሐዲድ በላጲስ ይለቃል። ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ፍቁ ቆሻሻ ይሰበስባልና በሳምንቱ ትመለሳላችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ደግሞ የባሰ ነው። ብናኙ የሞተሩ ማግኔት ስቦት ውስጥ ይገባል፣ ያኔ "ሞተሩ ሞቷል" እውነት ይሆናል። ሐዲዱን በማግኔት ሞክሩት። ከሳበው ተራ ብረት ነው፣ ይዝጋል፤ ለደሴ እርጥበት አይመከርም። ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ብዙም አያስቸግርም።

ምልክት፦ መቆጣጠሪያው ይዘጋል፣ ቀይ መብራት ያበራል

ሾርት ነው። መጀመሪያ ሐዲዱ ላይ የተረሳ ነገር ፈልጉ፤ ሳንቲም፣ ካቻቢቴ፣ ቁልፍ። ከዚያ ከሐዲድ የወረደ ፉርጎ። ሁለቱም ከሌሉ የሐዲዱን ቅርጽ ተመልከቱ። ባቡሩ ዞሮ በመጣበት መስመር ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመለስበት ቀለበት ካለ፣ ፖዘቲቩ ከኔጋቲቩ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ቀለበቱን በሁለቱም ጫፍ፣ ሁለቱንም ሐዲድ፣ በፕላስቲክ ማያያዣ ለዩት፤ ለእሱም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚገለብጥ ባለ ስድስት እግር ማብሪያ ማጥፊያ ስጡት።

መቆጣጠሪያው ደጋግሞ ሲዘጋ በባጃጅ ባትሪ የሚቀይሩ ጎበዞች አሉ። መቆጣጠሪያው የሚዘጋው ሊያድናችሁ ነው። ባትሪ አይዘጋም። ኮምቦልቻ ውስጥ አንዱ ወጣት ይህን አድርጎ ሐዲዱ ላይ ካቻቢቴ ጣለበት፤ የሽቦው ላስቲክ ጨሰ፣ የሐዲዱ ፕላስቲክ ቀልጦ ጠረጴዛው ላይ ተጣበቀ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ መንዳት የግድ ካማራችሁ፣ ባትሪው እግር ላይ ባለ 2 አምፒር ፊውዝ አስገቡ። ፊውዙ ሲቃጠል በሽቦ የሚቀጥል ሰው ግን እኔ ጋ አይምጣ።

የቀሩት ትንንሾች፦

ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላ በሚያሻግረው መቀያየሪያ ላይ ብቻ የሚቆም ባቡር፣ የመቀያየሪያው ምላስ በደንብ አልገጠመም ወይም ቆሽሿል።

የሚጮህ ነገር ግን የማይሄድ፣ ጥርሱ ውስጥ ፀጉር ተጠምጥሟል።

ሁለት ባቡር አንድ ሐዲድ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ብቻ ማቆም ካልቻላችሁ ብልሽት አይደለም፤ በተራ ዲሲ እንዲሁ ነው። ሐዲዱን በክፍል ለይታችሁ ለየክፍሉ ማብሪያ ማጥፊያ ማድረግ አለባችሁ።

መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ጥቂት ቆይታችሁ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ሰኩ።