ጭርት፣ ቆረቆርና ቋቁቻ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ቁስል

ጠርዙ ቀላ ብሎ ከፍ ያለና የሚቀረፈፍ፣ መሐሉ ግን እየጠራ የሚሄድ ክብ ምልክት አንገት፣ ክንድ ወይም ወገብ ላይ ከታየ በአብዛኛው ጭርት ነው። መንስኤው በቆዳው የላይኛ ሽፋን የሚኖር ፈንገስ ሲሆን፣ ከሰው፣ ከድመትና ከጥጃ እንዲሁም በጋራ ፎጣ ይተላለፋል።

ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ቅባት ከጠርዙ ጥቂት አልፎ በቀን 2 ጊዜ ይቀባል፤ ቁስሉ ከጠፋ በኋላም ለ1 ወይም 2 ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል፤ ማሳከኩ ሲቆም ቅባቱን የሚተው ሰው ብዙ ጊዜ ጭርቱ ያገረሽበታል። ቁስሉ ቤታሜታሶን የተባለ የስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት) ቅባት ተቀብቶ መቅላቱ ቀንሶ ግን እየሰፋ ከሄደ፣ ስቴሮይዱ የቆዳውን መከላከያ ስላዳከመ ፈንገሱ ተመችቶታል ማለት ነው። ለማሳከክ ተብሎ ያለ ምርመራ የሚገዛ ቅባት ብዙ ጊዜ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

መርካቶ የባህል መድኃኒት ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የብሳና እና የነጭ ሽንኩርት ስም ደጋግሞ ይነሳል። ነጭ ሽንኩርት ሲደቅቅ የሚወጣው አሊሲን ፈንገስን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ነገር ግን ጥሬውን ቆዳ ላይ አስሮ ማደር ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ ያስከትላል። ለጭርት ሲቀባ የኖረው የብሳና ፈሳሽም ቆዳን ስለሚቆጣ ፊት፣ ብልትና የሕፃናት ቆዳ ላይ ፈጽሞ አይቀባም። መሞከር የሚፈልግ ሰው ጥቂቱን ጤነኛ ክንዱ ላይ ነክቶ አንድ ቀን ይጠብቅ፤ ሻጩ የቅጠሉን ስም እንጂ መጠኑን እምብዛም አይነግርም።

የልጅ ራስ ላይ ፀጉሩ የተሰባበረ፣ ቅርፊት ያለው ቦታ

ይህ ቆረቆር ነው። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ቅባትም ሆነ ቅጠል ብቻውን አይደርስበትም፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ግሪሲዮፉልቪን ለ6 ወይም ከዚያ በላይ ሳምንታት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር መውሰድ ያስፈልጋል። ማበጠሪያና ኮፍያ አይጋሩ፤ ፀጉር ቤት ቶንዶሱ ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ በአልኮል መጽዳቱን ማየት ተገቢ ነው።

የእግር ጣቶች መሐል ነጭ ሆኖ የሚላጥ ቆዳ

ይህም የእግር ፈንገስ ነው፤ በክረምት እርጥብ ካልሲና ጫማ አድርጎ መዋል ያባብሰዋል። የጣቶቹን መሐል ማድረቅ፣ ካልሲ በየቀኑ መቀየር፣ ክሎትሪማዞል መቀባት።

ደረትና ጀርባ ላይ የተረጨ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት

ቋቁቻ ነው፤ መንስኤው በቆዳ ላይ ሁልጊዜ የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስ ስለሆነ ከሌላ ሰው ተይዞ የመጣ አይደለም። ኬቶኮናዞል ሻምፖ ይረዳል፤ ቀለሙ ግን ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ለመመለስ ወራት ስለሚፈጅ፣ መንጣቱ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ነጣ ወይም ቀላ ያለው ቦታ በጥጥ ሲነካ ስሜት ካጣ ግን ነገሩ ፈንገስ ላይሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ማንኛውንም ቅጠል ከመቀባት በፊት አቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል።