«እስቲ ድገመው!» እና ሌሎች የጉዞ ፎቶን የሚያበላሹ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ለትምህርት ወደ ሕንድ፣ ለንግድ ወደ ቻይና፣ ወይም ቤተሰብ ለማሳከም ወደ ባንኮክ የሚሄዱ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ጎራ ይሉና «ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» ይሉኛል። ሲመለሱ ስድስት መቶ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ ውስጥ ለማሳጠብ የሚበቃው ዐሥር አይሞላም። ካሜራው ምንም አላጠፋም። እኔም ሕንድ አገር በተማርኩባቸው ሁለት ዓመታት ከእነዚህ ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ከቁጣዬ ግማሹ ለራሴ ነው።

«እስቲ ድገመው!»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። መንገድ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ይፈጠራል፤ ስልኩ ከኪስ እስኪወጣ ያልፋል፤ ከዚያ ባለጉዳዩን «ድገምልኝ» እንለዋለን። ሳቅ እንደ ዘፈን አዝማች የሚደገም ይመስለናል።

ወደ ታይላንድ ሊሄድ የተዘጋጀ አንድ ወጣት ለልምምድ ብዬ ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ይዤው ወጣሁ። ዓሣ አስጋሪዎች ከታንኳ ወርደው ቆሮሶ ይበልታሉ፤ ፔሊካኖቹ ደግሞ እንደ ደንበኛ ተሰልፈው የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። አንደኛው ትዕግሥቱ አለቀና ከቅርጫቱ ውስጥ ለሽያጭ የተቀመጠ ሙሉ ቆሮሶ ላፍ አደረገ። ሽማግሌው ጅራቱን ያዙ፤ ወፉም አልለቅም አለ። ጉተታው ብዙ አልቆየም፤ ዓሣው ወደ ፔሊካኑ ከረጢት ሲገባ ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። የባሕሩ ዳር ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ያን ጊዜ የእኔ ተማሪ ስልኩን አወጣና «አባባ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙት» አላቸው።

«እኔን ምን አለፋህ ልጄ» አሉት፤ «ዓሣው ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ እሱን ጠይቀው።»

ደግ ሰው ስለነበሩ ሌላ ዓሣ አንሥተው ቆሙለት። ቀጥ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው። ያን ፎቶ አጥቤ ሰጥቼዋለሁ፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ዓሣ አሉበት። ሌላ ምንም የለበትም።

ምን ማድረግ ነበረበት? ዝም ብሎ ማንሣት። ድርጊቱ ቢያመልጠውም የሳቁ ጭራ ገና አልወጣም ነበር፦ ከጎን የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሽማግሌው የተላላጠ መዳፋቸውን እያገላበጡ ያያሉ፣ ፔሊካኑ አንገቱን ቀና አድርጎ እየዋጠ ነው። ሦስት ፎቶ ከፊቱ ተዘርግቶለት እሱ ያለፈውን ይለምናል።

የትዕይንቱን መሐል ብቻ ማየት

ይህ የፊተኛው ወንድም ነው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ። ከባንኮክ ወጣ ብሎ ሳሙት ሶንግክራም በሚባለው ግዛት የሜክሎንግ ገበያ አለ። ነጋዴዎቹ አትክልታቸውን የባቡር ሐዲዱ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ባቡሩ ጥሩንባውን ሲነፋ የጥላውን ሸራ ያጥፋሉ፣ ከፍ ያለውን መደብ ወደ ኋላ ይስባሉ፤ ዝቅ ያለውን ቅርጫት ግን ከነበረበት አይነኩትም፤ ባቡሩ በላዩ ያልፋል። እኔም ልክ እንደ ሌላው ቱሪስት የባቡሩን ግንባር ሳነሣ ነበር። ፎቶዬን ከፍቼ ሳየው ግንባሩና የሌሎች ሰዎች ስልክ ብቻ ነው ያለው።

አጠገቤ የነበረችው ቃሪያ ሻጭ እግሯን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ስባ፣ በባርኔጣዋ እያራገበች፣ ፉርጎዎቹ አፍንጫዋ ሥር ሲያልፉ ታዛጋ ነበር። ማዛጋት! ሰው አህጉር አቋርጦ የሚያየውን ተአምር። የመጨረሻው ፉርጎ ሳያልፍ ሸራውን መልሳ ዘረጋች። ይህን ሁሉ በዓይኔ እንጂ በካሜራዬ አላየሁትም። አሁን ተማሪዎቼን የማስተምረው አንድ ልማድ ነው፦ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ሲያነጣጥር ጀርባችሁን ለዚያ ነገር ስጡና የአገሬውን ሰው ተመልከቱ።

የተቀደሰውን እንደ መዝናኛ ማየት

ከላይ ስለ ጀርባ የተናገርኩት ቡድሃ ፊት አይሠራም። በታይላንድም ሆነ በስሪላንካ ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ራስን ማንሣት እንደ ንቀት ይቆጠራል። በፈረንጆቹ 2012 ሦስት ፈረንሳውያን ሐውልቱን የሳሙ መስለው የተነሡት ፎቶ ስሪላንካ ውስጥ በገደብ የታለፈ የእስራት ቅጣት አስፈርዶባቸዋል። ለፖሊስ ያመለከተው ፎቶውን እንዲያጥብ የተሰጠው ፎቶ ቤት ነበር። የሙያ ባልደረባዬን ድርጊት ሳስብ እስካሁን ፈገግ እላለሁ።

ሕንድ አገር ቫራናሲ ከተማ ላይ ግን ፈገግታ የለም። ጋንጅስ ወንዝ ዳር ማኒካርኒካ በተባለው ደረጃ በሂንዱዎች የቀብር ሥርዓት አስከሬን ቀንና ሌሊት ይቃጠላል። እኔ ጭሱና የማለዳው ብርሃን አማለለኝና ካሜራዬን አነሣሁ። አንድ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ሌንሱ ላይ አሳረፉት። አላመናጨቁኝም፤ ቢያመናጭቁኝ ይሻለኝ ነበር። ክብራን ገብርኤል ደሴት ላይ ጫማ አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያደገ ሰው ይህን ከማንም መማር አልነበረበትም። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ላይ ፍላሽ የሚያበራ እንግዳ ስናይ እንዴት እንደምንቆጣ እናውቃለን፤ እዚያ ስንሄድ እንግዳው እኛ ነን።

የታጅ ማሃልን ጫፍ በሁለት ጣት ቆንጥጦ መነሣት

ይበቃል። ደግሞም ዓርብ ዝግ ነው።

ዝንጀሮን መናቅ

የእኛዎቹ የዘጌ ጦጣዎች ሙዝ ካገኙ ይበቃቸዋል። ኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት ኡሉዋቱ ቤተ መቅደስ ያሉት ዝንጀሮዎች ግን ነጋዴ ናቸው፤ መነጽር ወይም ስልክ ይቀሙና ምግብ ሲሰጣቸው ይመልሳሉ። ተመራማሪዎች እንዳጠኗቸው በዕድሜ የበሰሉት ሰው አጥብቆ የሚፈልገውን ዕቃ ለይተው ይመርጣሉ። «ዝንጀሮ ሲያስቀኝ ላንሣ» ያለ ሰው ስልኩን በገመድ አንገቱ ላይ ይሰር፤ አለበለዚያ የሚስቀው ዝንጀሮው ነው።

ውኃና ላብ

ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣበት ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ስልኩን በፌስታል ይጠቀልላል። ያው ሰው ሚያዝያ 5 አካባቢ በሚጀምረው የታይላንድ አዲስ ዓመት፣ በሶንግክራን፣ መላው ከተማ በባልዲ ሲረጫጭ ካሜራውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል። ፌስታሉ የት ሄደ?

ብዙዎች የማያስቡት ደግሞ ጉም ነው። ከቀዘቀዘ የሆቴል ክፍል ወደ ባንኮክ ወበቅ ሲወጣ ሌንሱ ወዲያው ላብ ይለብሳል፤ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ እንደተዘጋ ይዛችሁ ወጥታችሁ ሙቀቱን እስኪለምድ ጠብቁ። በመሐረብ መፈተግ አያድነውም፤ መልሶ ይለብሳል።

ቀትር ላይ ከውኃ ፊት የቆመ ሰው ፊቱ ከሰል ይሆናል፤ ስልኩ ብርሃኑን ለፊቱ እንዲያስተካክል መስተዋቱ ላይ ፊቱን በጣት ነካ አድርጉ።

ምንም አለመጻፍ

የሚያስቅ ፎቶ ያለ ታሪኩ ግማሽ ነው። ማታ ሆቴል ስትገቡ የት፣ ማን፣ ምን ተባለ የሚለውን በሁለት መስመር ጻፉ። እኔ ሰነፍ ነበርኩ። ቫራናሲ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ያነሣሁት አንድ ፎቶ አሁንም ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሦስት ወንዶች ሆዳቸውን ይዘው ተጣጥፈዋል፣ ከአንዱ እጅ የሸክላ ስኒ እየወደቀ አየር ላይ ቀርቷል። ካነሣኋቸው ሁሉ እወደዋለሁ። ደንበኛ ሁሉ «ምን ሆነው ነው?» ይለኛል፤ አላስታውስም። ከጀርባው በእስክሪብቶ የጻፍኩት አንዲት ቃል ብቻ አለች፦ «ፍየሏ»። ፎቶው ላይ ፍየል የለችም።