የክኒን ሽፋን ውፍረት በምላጭ፣ በስልክና በማስመሪያ እንዴት ይለካል?

ባለፈው እዚህ ደሴ ጎረቤታችን እትዬ የሕመም ማስታገሻ ክኒናቸውን፣ ዲክሎፌናክን፣ በቢላ ለሁለት ሲከፍሉ ደረስኩ። "ሙሉው ይከብደኛል" አሉኝ። ሽፋኑ ለጌጥ የተቀባ መስሏቸዋል። እሳቸው በሚወስዱት ዓይነት ግን ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ ሳይፈታ አንጀት እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ከሳሳ ስራውን አይሰራም፤ ውፍረቱ የሚለካውም ለዚህ ነው።

ጊዜው ያለፈበት ባለ ቀለም ክኒን (ነጭ በነጭ ላይ አይለይም)፣ አዲስ ምላጭ፣ የተማሪ ማይክሮስኮፕ፣ ባትሪና ማስመሪያ ያዙ። ክኒኑን ከማሸጊያው የምታወጡት ልትቆርጡት ስትሉ ብቻ ነው። የጦሳ ጉም ሲወርድ ደሴ ውስጥ እርጥበት የማይጠጣ ነገር የለም።

ጣጣው አቆራረጡ ላይ ነው። ምላጩን እንደ መጋዝ አታመላልሱት፤ ሽፋኑን ይጎትተውና ልኬቱ ይሳሳታል። መሃሉ ላይ አንዴ ጫን አድርጉት። ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ጠረግ አድርጉ። መስታወት ላይ ሻማ አንጠባጥባችሁ፣ የተቆረጠው ፊት ወደ ላይ እንዲያይ ትከሉት። የማይክሮስኮፑ የታች መብራት እዚህ አይረባም፤ ክኒን ብርሃን አያሳልፍም። ባትሪውን ከጎን አብሩ።

ስልካችሁን ዓይን በሚደረግበት በኩል ደግናችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሌንሱን ሳትቀይሩ፣ ዙሙን ሳትነኩ ማስመሪያውንም ፎቶ አንሱት። እኔ የመጀመሪያ ቀን በሌላ ሌንስ ያነሳሁትን ማስመሪያ ተጠቅሜ፣ 60 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የነበረው ሽፋን 150 ወጣልኝ!

ኢሜጅ ጄ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ። ከአንዱ የሚሊሜትር ጭረት ግራ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ግራ ጠርዝ መስመር ሳቡ፤ ጭረቱ ራሱ ወፍራም ነውና በግምት አትስሩ። 800 ፒክስል ከመጣ፣ ያ 1000 ማይክሮን ነው። ሽፋኑ 48 ፒክስል ከሆነ 60 ማይክሮን፣ የአንድ ጸጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። አስር ቦታ ለኩ። ጎኑና ጠርዙ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳል፤ ስለዚህ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ትንሹንም ጻፉ።

በትልልቅ ላቦራቶሪዎች ክኒኑ ሳይቆረጥም ይለካል። የቴራኸርዝ ሞገድ (በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ያለ፣ በዓይን የማይታይ ሞገድ) ይላክበታል፤ ከፊሉ ከሽፋኑ ላይ፣ ከፊሉ ከስሩ ነጥሮ ይመለሳል። ውፍረቱን የሚናገረው በሁለቱ መካከል ያለው መዘግየት ነው። ሽፋኑ ሞገዱን 1.5 እጥፍ የሚያዘገይ ከሆነ፣ የ1 ፒኮሰከንድ (የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ) መዘግየት፣ ሄዶ መመለሱ ተቆጥሮ፣ 100 ማይክሮን ነው። በብርሃን የሚሰራው ኦሲቲ የተባለው የመለኪያ ዘዴ ቀጫጭኑን ሽፋን ይለያል፤ ሽፋኑ ውስጥ ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ካለ ግን ብርሃኑ ይበተንበታል።

የቆረጣችሁትን ክኒን ልጅ በማይደርስበት አስወግዱ፤ ማንም እንዳይውጠው።