የደበዘዘ የፋይበርግላስ ጀልባ፦ ነጩ ዱቄት ከየት መጣ? ምንስ ይደረግለት?

አዲስ አበባ የተፈጥሮ ሐይቅ የላትም፤ ጀልባ ግን አታጣም። ከቃሊቲ ወደ ገላንና ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመጋዘን ግቢ ውስጥ ተጎታች ላይ የተቀመጠ፣ ከቢሾፍቱ ወይም ከላንጋኖ ለጥገና የመጣ ጀልባ አልፎ አልፎ ይታያል። ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚለው አንድ ነው፤ «ቀለሙ ለቋል፣ ቀለም ይቀባልኝ»። ቀለም ቀቢውም የመኪና ቀለሙን በጥብጦ ይረጫል። ጀልባው ለጥቂት ወራት ያምራል፤ ከዚያ ቅርፊቱ ይነሳል። የደበዘዘ ጀልባ በአመዛኙ የሚያስፈልገው ቀለም አይደለም። ስለዚህ ማንም ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት ነጭ ሆኖ የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ ይለይ።

ፋይበርግላስ በሙጫ የተያያዘ የመስታወት ክር ሽመና ነው፤ የጀልባው ውጫዊ ገጽ ደግሞ ጄልኮት ይባላል። ቀለም የተቀላቀለበት የፖሊስተር ሙጫ ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የመኪና ቀለም የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ከዚህ አሥር እጥፍ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ጄልኮት ተፍቆና ተወልውሎ እንደገና ሊያበራ የሚችልበት ጥልቀት አለው። የተፋቀው ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ጥቁር ጨርቅ ሲያልፍበት ነጭ ዱቄት ይወጣል

ይህ የብዙዎቹ ጀልባዎች ችግር ነው። መንስኤው ፀሐይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር የላይኛውን ሙጫ ይሰባብረዋል፤ ሙጫው ሲበላ የቀለሙ ብናኝ ሳይያዝ ይቀራል፣ ገጹም በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይሞላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ገላንና አቃቂ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ብቻ ጀልባው የተረፈ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ ግቢ ውስጥ ያለ ጥላ የቆመ ጀልባ ባሕር ወደብ ላይ ከቆመው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ቀዩና ሰማያዊው ከነጩ ቀድመው ያስታውቃሉ።

ለማረጋገጥ ውኃ ያፍስሱበት። እርጥብ ሳለ የጥንቱ ቀለም ደምቆ ከታየ፣ ሲደርቅ ደግሞ ከጠፋ፣ ጄልኮቱ ከሥር ደህና ነው፤ የሻከረው ገጹ ብቻ ነው። እርጥብ ሆኖም ካልደመቀ ከዚህ በፊት ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ከማይታይ ቦታ ላይ አሴቶን በነካ ጨርቅ ቢያሹት ከለሰለሰና ከተላጠ ቀለም ነው፤ ያ ቀለም ካልወረደ በስተቀር ቀጥሎ ያለው ሥራ አይጠቅምም።

መጀመሪያ በብዙ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ይታጠብ። የዚህ አካባቢ አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ማለት መፋቅ ማለት ነው። ከዚያ የክንድ ያህል ቦታ መርጠው በቀላሉ ይጀምሩ፤ የማለስለሻ ኮምፓውንድ (ደቃቅ መፋቂያ ያለበት ቅባት) ብቻ በፖሊሽ ማሽን ይሞክሩ። ካበራ እዚያው ያቁሙ። ካላበራ በውኃ እየነከሩ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ1500፣ ቀጥሎ በ2000 ያሻሹ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ይሻክራል። 800 ቁጥር የሚያስፈልገው እጅግ ለከፋው ብቻ ነው። ከ400 ቁጥር የሚጀምሩ ሠራተኞች አሉ፤ ሥራው ይፈጥንላቸዋል፣ የጄልኮቱም ማለቅ ይፈጥንላቸዋል።

ወረቀቱ ሁሉንም ቦታ እኩል መንካቱን ለማወቅ ገጹ ላይ በእርሳስ መስመሮች ያስምሩ፤ መስመሩ ሲጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይለፉ። ከወረቀት በኋላ ኮምፓውንዱ ይመጣል። እዚህ ላይ አደራ፦ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ አስረው የሚሠሩ አሉ። ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ለፖሊሽ የሚፈለገው ከ1,200 እስከ 1,800 ነው። በግራይንደር የተሠራ ጄልኮት ይቃጠላል፤ ቢጫ ክብ ጠባሳ ይተዋል። ፍጥነቱ የሚስተካከል ማሽን ከሌለ በእጅ መሥራት ይሻላል፣ ትከሻ ቢያደክምም። ጠርዞችና ማዕዘኖች ላይ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈኑና በመጨረሻ በእጅ ይሠሩ። የፋይበሩ ሽመና ጥላ መስሎ ብቅ ካለ ጄልኮቱ አልቋል፤ ወዲያው ያቁሙ። እዚያ ቦታ ላይ አዲስ ጄልኮት ወይም የጀልባ ቀለም እንጂ ፖሊሽ አይረዳም።

ሰም የሚቀባው በዚያው ቀን፣ ጥላ ውስጥ፣ ገጹ ለእጅ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ፀሐይ ላይ የተቀባ ሰም ከመወልወሉ በፊት ይደርቅና ይጣበቃል። ሁለት ዙር ይቀባ። የተፈቀፈቀ ገጽ ያለ ሰም ካደረ ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ዱቄቱ ከቀድሞው ፈጥኖ ይመለሳል።

ነጩ ነገር ዱቄት ሳይሆን ቅርፊት ነው፣ ያለውም በውኃው መስመር ላይ ብቻ ነው

ይህ የፀሐይ ጉዳት ሳይሆን የሐይቁ ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ብዙዎቹ ሶዳ አላቸው፤ ውኃው ሲተን ኖራ መሰል ቅርፊት ይተዋል። አቼቶ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ ጥርጥር የለውም። አቼቶ የነከረ ጨርቅ ለጥፈው ጥቂት ያቆዩት፣ በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱት፣ በደንብ ያጥቡት። በብርጭቆ ወረቀት መጀመር እዚህ ከንቱ ድካም ነው። የመጸዳጃ ቤት አሲድም አይቅረብ።

ቡናማ ወይም ቢጫ እድፍ ከሆነ ደግሞ የአልጌና የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ በውኃ የተበጠበጠ ኦክሳሊክ አሲድ ያስለቅቀዋል። መርዝ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል።

ተወልውሎ አበራ፤ በወሩ ደበዘዘ

ምናልባት የተቀባው ሰም አልነበረም። የጎማ ማብሪያ፣ ናፍጣ፣ አልፎም የምግብ ዘይት የሚቀቡ አሉ። ቅባት ቀዳዳውን ስለሚሞላ ልክ እንደ ውኃው ሙከራ ቀለሙን ያደምቃል፤ ግን አይጠብቅም፣ አቧራም ይሰበስባል። ሲሊኮን ያለበት ማብሪያ ከሁሉም ይከፋል፤ በኋላ ጥገና ሲያስፈልግ አዲሱ ጄልኮት አልይዝ ይላል። ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና ደጋግመው ያጥቡት፤ ውኃ ሲፈስበት ገጹን እኩል ማርጠብ ሲጀምር ወደ ኮምፓውንዱ ይመለሱ።

የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ስንጥቆች

መወልወል ሊያጠፋቸው አይችልም። ምት ወይም የሚተጣጠፍ ቦታ አለ ማለት ነው፤ በተለይ የወንበርና የገመድ ማሰሪያ እግር ሥር። መጀመሪያ የሚተጣጠፈው ይጠናከር። ከዚያ ስንጥቁ በመጠኑ ተከፍቶ በጄልኮት ይሞላ። ለ100 ግራም ጄልኮት ከ1 እስከ 2 ግራም ማድረቂያ ይበቃል፤ ማድረቂያው ዓይን ያጠፋልና ያለ መነጽር አይነካ። ከ15 ዲግሪ በታች ጄልኮት በወጉ አይደርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ የገላን ሌሊት ከዚህ በጣም ስለሚወርድ ሥራው ረፋድ ላይ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ይለቅ። ተራ ጄልኮት አየር ሲነካው ላዩ እንደተጣበቀ ይቀራል፤ በፕላስቲክ ይሸፈን።

ከውኃ በታች በነበረው አካል ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት

ሲወጋ የአቼቶ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣ ውኃ ወደ ፋይበሩ ገብቷል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ እብጠቱ ተከፍቶ ለሳምንታት፣ ከባሰም ለወራት መድረቅ አለበት፣ ከዚያ ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ይሞላል። ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት።

ካበራ በኋላ

ከሰም ሁሉ የሚበልጠው ጥላ ነው። አራት ቋሚና ጥቂት ቆርቆሮ በየዓመቱ ከሚገዛ ፖሊሽ ይረክሳል፤ በረዶም ይከላከላል። ጣራ ማቆም ካልተቻለ ሸራ ይልበስ፣ ግን ገላውን እንዳይነካ በእንጨት ቅስት ከፍ ይበል፣ ጫፎቹም አየር ያስገቡ። ገላው ላይ የተጠመጠመ የፕላስቲክ ሸራ ሁለት በደል ያደርሳል፤ በነፋስ እየተርገበገበ ይፍቃል፣ እርጥበት አፍኖም ሻጋታ ያበቅላል። በክረምት የጀልባው አፍንጫ ከፍ ይበል፣ የኋላው የውኃ ማፍሰሻ ቡሽም ይነቀል። ሰሙ ግንቦት ላይ አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ ጥቅምት ላይ ሌላ ጊዜ ይታደስ። በመካከሉ ጥርጣሬ ካለ ውኃ ረጭተው ይዩት፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፣ ተዘርግቶ ከቀረ ጊዜው ደርሷል።