በቻይንኛ ፍቅርን እንዴት መግለጽ ይቻላል

ቻይንኛ የሚጀምር ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ ቶሎ የሚጠይቀው «እወድሻለሁ» እንዴት እንደሚባል ነው። «ዎ አይ ኒ» ይባላል። ግን በዚህ አትጀምሩ። በቻይና ይህ ከባድ ንግግር ነው። ልጅ ወልደው ያሳደጉ ባልና ሚስት፣ በተለይ በዕድሜ የገፉት፣ እምብዛም አፍ አውጥተው አይባባሉትም። ወጣቶቹ ይቀላቸዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ለመጀመሪያ ቀን አያወጡትም።

መጀመሪያ «ዎ ሺኋን ኒ» በሉ። የኛ «ወድጄሻለሁ» ወይም «ወድጄሃለሁ» መሆኑ ነው። በልብ ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር «ቢያውባይ» ይባላል፤ ብዙ ወጣት ይህን የሚያደርገው በ«ሺኋን» ነው። ለወንድም ለሴትም አባባሉ አንድ ስለሆነ የምትሳሳቱበት ነገር የለም።

ቀጥሎ ቃናውን ተለማመዱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለያየው፣ በማንዳሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ የድምፁ መውጣትና መውረድ ቃሉን ሌላ ያደርገዋል። «ዎ»ን ዝቅ ባለ ድምፅ በሉ። «አይ»ን ከላይ ጀምራችሁ ባንዴ ወደ ታች ጣሉት። «ኒ»ንም ዝቅ አድርጉ። «አይ» ወደ ላይ ከወጣ «ካንሰር» ማለት ነው፤ ዝቅ ብሎ ከቀረ ደግሞ «አጭር»። ሰሚው ከአውዱ ይረዳችኋል፤ ቢሆንም በትክክል ሲባል ልብ ይነካል። ቤንችኛ አፍ የፈታችሁ አንባቢዎች ይህ አይከብዳችሁም፤ የናንተ ቋንቋ ቃና ከማንዳሪን አራቱ ይበልጣል።

ስሜታችሁን ከተናገራችሁ በኋላ ግንኙነቱን ግልጽ አድርጉት። «ዎመን ዛይ ዪቺ ባ» ማለት «አብረን እንሁን» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ባ» ነገሩን ከትእዛዝ ወደ ሐሳብ ታለሰልሰዋለች። አትርሷት።

ከዚህ ወዲያ ያለው ለኔ ዋናው ነው። በቻይና ፍቅር በብዛት የሚነገረው በእንክብካቤ ነው። «ችፋን ለ ማ» በላሽ ወይ፣ በላህ ወይ ነው። «ዳው ጂያ ለ ማ» ቤት መድረሷን መጠየቅ ነው። ማታ ከተለያያችሁ በኋላ ይህቺን መልእክት ላኩ። ከሥር «ዎ ሺያንግ ኒ» ካከላችሁበት «ናፍቀሽኛል» አላችሁ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ስትታመም «ዱዎ ኸ ረ ሽዌይ» ማለት፣ ሙቅ ውሃ በብዛት ጠጪ ማለት፣ የተለመደ ምክር ነው። ይህን ብቻ ጽፎ ዝም የሚል ወንድ ግን በቻይና ኢንተርኔት መሳቂያ ሆኗል። መድኃኒት ወይም ትኩስ ሾርባ ይዛችሁ ሂዱ።

በጽሑፍ ከሆነ ቁጥርም ይሠራል። 520 በቻይንኛ «ዉ አር ሊንግ» ተብሎ ይነበባል፤ ከ«ዎ አይ ኒ» ጋር ስለሚቀራረብ እሱን ይተካል። በነሱ አቆጣጠር ሜይ 20 የፍቅረኞች ቀን የሆነውም በዚሁ ነው፤ በዚያ ቀን ብዙ ጥንዶች ጋብቻ ለማስመዝገብ ይሰለፋሉ። 1314 ደግሞ «ዕድሜ ልክ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። አቅም ያለው 520 ዩዋን በዊቻት፣ መልእክትና ገንዘብ በሚላክበት የስልክ መተግበሪያ፣ ይልካል፤ የሌለው 5.20። ሁለቱም ያስደስታል። የቆየው በዓል «ቺሺ» ነው፤ በጨረቃ አቆጣጠር የሰባተኛው ወር ሰባተኛ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ኦገስት ላይ ይውላል። በአፈ ታሪኩ እረኛውና ሸማኔዋ የሰማይ ልጅ በዓመት አንዴ፣ ወፎች በሚሠሩላቸው ድልድይ ላይ ፍኖተ ሐሊብን ተሻግረው ይገናኛሉ።

ስጦታ ስትገዙ የግድግዳ ሰዓትና ጃንጥላ ተዉ። የመጀመሪያውን መስጠት በቻይንኛ ሲጠራ የሬሳ ስንብት፣ የሁለተኛው ስም ደግሞ መለያየት ይመስላል። የእጅ ሰዓት ችግር የለውም። ለወንድ አረንጓዴ ኮፍያ ፈጽሞ አትስጡ፤ ሚስቱ ወይም ፍቅረኛው እንደምትማግጥበት የሚነገርበት ምልክት ነው።

መልሱን ደግሞ ማወቅ አለባችሁ። «ዎ ዬ ሺኋን ኒ» ካለች እሷም ወዳችኋለች። «ኒ ሽ ገ ሃውረን»፣ ጥሩ ሰው ነህ፣ ካለች ግን በትሕትና እምቢ ማለቷ ነው። ያኔ «መይ ጓንሺ»፣ ምንም አይደል፣ በሉና ጉዳዩን ደግማችሁ አታንሱባት።